እንቁላል ላይ ስኳር?

እኛ አገር የባልትና ፈተናው ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት፣ አጥቦ አጥቦ ማንጣት፣ ሽንኩርቱን እስኪደክመው ማቁላላት፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ መከለሻው… ስንቷ ሙሽራ አማቷ ፊት ላብ በላብ ሆናለች! ጃፓኖች ደግሞ ዶሮዋን ይተዉና እንቁላሏን ይይዛሉ። «እንቁላል መጥበስ ደግሞ ምኑ ይፈተናል? ላጤ ሁሉ የሚሠራው ምግብ!» ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝማ።

ምግቡ «ታማጎያኪ» ይባላል። ስሙ ሲፈታ «እንቁላል ጥብስ» ከማለት አያልፍም፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። እንቁላሉ መጥበሻ ላይ በስሱ ይፈሳል፣ ሳይደርቅ ይጠቀለላል፣ ከሥሩ ሌላ እንቁላል ይፈሳል፣ እንደገና ይጠቀለላል… መጨረሻ ላይ ትንሽ ጡብ የመሰለ ቢጫ ጥቅልል ይወጣል። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ተቆረጠ ግንድ ድርብርብ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ ቅጠልም ዓሣም አይብም፣ ቤተሰቡ የወደደው ነገር ይገባበታል።

«አንተን ከዚህ ውስጥ ምን ዶለህ?» ብትሉኝ ነገሩ ቀላል ነው። የምንኖረው ካትሱሺካ በምትባል የቶኪዮ ክፍለ ከተማ ነው። ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ የሚኖርባት ሰፈር ናት፤ ሽሮ ያለቀበት ሰው የሚያንኳኳው በር አያጣም። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። እሷ ስትመለስ ልጅቷ ወጥታለች። እኔ ሥራ የምገባው አራት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጃችንን አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ፣ ምሳ ዕቃዋን አዘጋጅቶ መላክ የእኔ ድርሻ ሆነ። መዋዕለ ሕፃናቷ በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ከቤት ይምጣ ይላል። ምሳ ዕቃውን «ቤንቶ» ይሉታል።

ታዲያላችሁ ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ጫማዋን እያወለቀች፣

«ሁሉም ታማጎያኪ አላቸው» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ «ሥራልኝ» አላለችም። «አማረኝ»ም አላለችም። ሁሉም አላቸው! ልጅ ያሳደገ ሰው፣ በተለይ ሰው አገር ያሳደገ፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል። ፊቷ ከሁሉም የተለየ ልጅ ምሳ ዕቃዋ እንኳ ከሌላው ጋር አንድ ይሁንልኝ ብትል ምን ይፈረድባታል? በማግስቱ መጥበሻ ገዛሁ።

መጥበሻው ክብ አይደለም፣ ማዕዘን ያለው ነው። የቶኪዮው እኩል አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ወደ ኦሳካና ኪዮቶ ያለው ግን ቀጠን ብሎ ረዘም ይላል። ባለሙያዎቹ ውስጡ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ መጥበሻ ነው የሚጠቀሙት። የእኔ ምግብ የማይዝበት ርካሽ መጥበሻ ነው፤ ለእኔና ለልጄ ይበቃል።

ሦስት እንቁላል ይሰበራል። በቾፕስቲክ ይመታል፤ መምታት እንኳ አይባልም፣ ነጩን ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ነው። አረፋ ማውጣት የለበትም። ከዚያ ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ ጠብ የምትል ሶያ ሶስና ሁለት ማንኪያ «ዳሺ» ይገባል። ዳሺ ማለት ከደረቀ የባሕር ቅጠልና በስሱ ከተላገ ደረቅ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው። የጃፓን ወጥ ቤት ያለሱ አይንቀሳቀስም፤ የእኛ ያለ ቁሌት እንደማይሆነው ማለት ነው። መጥበሻው በዘይት በራሰ ወረቀት ይወለወላል። የእንቁላሉ ጠብታ ጭርር ሲል ሲሦው ይፈሳል። አረፋ ሲያወጣ በቾፕስቲኩ ጫፍ ይፈነዳል። ገረመኝ እኮ! እኛ እንጀራ ላይ ዓይን ፍለጋ ሦስት ቀን ስናቦካ፣ እነሱ እንቁላል ላይ ዓይን ሲያጠፉ ያረፍዳሉ።

ላዩ ገና ርጥብ እያለ ከወዲያኛው ጫፍ ወደ ራስ ይጠቀለላል፣ ተገፍቶ ወዲያ ይሄዳል፣ መጥበሻው እንደገና ዘይት ይቀባል፣ ሁለተኛው ዙር ይፈሳል። እዚህ ላይ ጥቅልሉን ብድግ አድርጎ አዲሱ እንቁላል ከሥሩ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ካልገባ ንብርብሩ አይያያዝም፤ ሲቆረጥ ይፈታል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ይደረጋል። ስኳር ስላለው ቶሎ ይጠቁራል፤ ስልክ እየነካኩ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሲያልቅ በቀርከሃ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቅርጹን እስኪይዝ ይቆያል።

እዚህ አገር ሱሺ ቤት ውስጥ በእንቁላል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሱሺ ሠሪው ጂሮ ኦኖ በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ ዳይሱኬ ናካዛዋ የተባለ ተለማማጅ ጌታው «አሁን ሆነ» እስኪሉት ድረስ እንቁላሉን ከ200 ጊዜ በላይ እንደሠራ ይናገራል። ያኛው የሱሺ ቤት እንቁላል እንኳ አይጠቀለልም፣ እንደ ኬክ ነገር ነው። ሰውየው በመጨረሻ ሲመረቅለት አለቀሰ። እኔ ደግሞ ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ!

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ክብር ለእንቁላል ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አወጡ። የቡድሃ ትምህርትም ተጨምሮበት እንቁላልም ለብዙ ዘመን ከሰው ማዕድ ራቅ ብሎ ኖረ። ጾማችን መሰለኝ የጋራ ቋንቋችን። ሁኔታውን ከቀየሩት መካከል ፖርቱጋሎች ይገኙበታል። መቼም እነሱ የማይደርሱበት የለም፤ በ1541 በእነ ክሪስቶፎር ዳጋማ እጅ ለእኛ ጠመንጃ ይዘው መጡ፣ በ1543 ደግሞ ታኔጋሺማ በምትባለው ደሴት በኩል ለጃፓኖች ጠመንጃ አደረሱ። ከጠመንጃው ተከትሎ ግን ለጃፓኖች እንቁላል የበዛበት ጣፋጭ ዳቦም መጣላቸው። ለእኛ ለምን እንዳልተረፈን እንጃ! በ1785 እንቁላል በመቶ ዓይነት መንገድ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር የወጥ ቤት መጽሐፍ ጃፓን ውስጥ ታትሟል።

ያም ሆኖ እንቁላል የድሃ ምግብ አልነበረም። «ናጋያ ኖ ሃናሚ» የሚባል የቆየ የመድረክ ቀልድ አላቸው። ኪራይ መክፈል ያቃታቸው የመደዳ ቤት ተከራዮች ከአከራያቸው ጋር የቼሪ አበባ ሊያዩ ይወጣሉ። በአረቄው ፈንታ የቀጠነ ሻይ፣ በታማጎያኪው ፈንታ ቢጫ የሆነ የሥር አትክልት ጨው አለ። ያንን እንደ እንቁላል እያስመሰሉ መብላት ነው እንግዲህ። ሥሩ ደግሞ ሲታኘክ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የትኛው እንቁላል ነው ቀጭ የሚለው? ጃፓኖች ይስቃሉ፤ እኔ ስሰማው ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሽሮውን «ቦዘና ነው» እያልን የበላንበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነዋ!

ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሲያገግም እንቁላል ረከሰ። በ1960ዎቹ ልጆች የሚወዱት ሦስት ነገር ነው ይባል ነበር፦ ኪዮጂን የሚባለው የቤዝቦል ቡድን፣ ታይሆ የሚባለው የሱሞ ታጋይና ታማጎያኪ። በእኛ «ጊዮርጊስ፣ ኃይሌ፣ ዶሮ ወጥ» እንደማለት በሉት። ከዚያ በኋላ የእንቁላል ዋጋ ለአሥርታት ንቅንቅ ሳይል በመኖሩ «የገበያው ጎበዝ ተማሪ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በ2022 መጨረሻና በ2023 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ17 ሚሊዮን በላይ ወፎች ሲወገዱ ግን ጎበዙም ተማሪ ወደቀ። ያኔ ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያው ላይ «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ካርቶን ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር። እኔ ሦስት ቀን የሚያስኬደኝን እንቁላል እየቆጠርኩ ስወጣ አንዷ እናት ቀና ብላ አየችኝ። ቤንቶ ያለበት ሰው ቤንቶ ያለበትን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጸብ ልውሰዳችሁ። ስኳር!

በቶኪዮ በኩል እንቁላሉ ጣፈጥ ይላል። በኦሳካና በኪዮቶ በኩል ግን ስኳሩ ይቀርና ዳሺው በዛ ይላል፤ ሲነከስ መረቅ ነገር ይወጣዋል። ከእኛ ሁለት በር ወረድ ብሎ የሚኖሩ አንድ አሮጊት አሉ፣ ትውልዳቸው ኦሳካ ነው። ጠዋት ሽታው ሲደርሳቸው በረንዳ ላይ ብቅ ይሉና፣

«ዛሬም ስኳር አደረጉበት?» ይሉኛል።

«ልጅቷ እኮ ናት እሜቴ።»

«ልጅ ያስለመዱትን ነው የሚወድ። እንቁላል ኬክ አይደለም።»

አርባ ዓመት ቶኪዮ ኖረው በዚህ ነገር አንድ ስንዝር ንቅንቅ አላሉም። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስትደውል ነገሩን ብነግራት፣

«ስኳር? እንቁላል ላይ? ወይ ጉዴ! አንተ ልጅ፣ ቃሪያ የሚባል ነገር እዚያ አገር የለም?»

«አለ እማዬ፣ ልጅቷ አትበላውማ።»

«እሷማ ምን ታድርግ፣ አንተ ነህ እንጂ የምታጠፋት።»

ኦሳካና ጉለሌ ያለ ቀጠሮ ተስማሙ። ለልጄ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደሆነ ቀረ። ለቤንቶ እንኳ የቶኪዮው ነው የሚሻለው፤ ዳሺ የበዛበት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ውኃ ይተፋና ሩዙን ያበሰብሳል። ለምሳ ዕቃ የሚሄድ እንቁላል ደግሞ ውስጡ ድረስ መብሰል፣ በደንብም ሳይቀዘቅዝ አለመክደን ነው። በበጋ ወበቃቸው ቀልድ የለም።

ውስጡ የሚገባው ነገር ላይ ግን ነፃነት አለ። ቀላሉ ኖሪ የሚሉት ጥቁር የባሕር ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ላይ አንድ አንድ ሉክ ይነጠፋል፣ ሲቆረጥ ጥቁር ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። ልጄ «ቀንድ አውጣ» ትለዋለች። የሽንኩርት ቅጠል ከእንቁላሉ ጋር ይመታል። አይብ የመጀመሪያው ዙር ላይ መሐል ይቀመጣል፤ ወደ ጠርዝ ከቀረበ ቀልጦ ያመልጣል። «ሜንታይኮ» የሚሉት የዓሣ እንቁላል በበርበሬ የታሸ አለ፣ እንቁላል በእንቁላል ማለት ነው። ከኮሪያ መጥቶ ፉኩኦካ ላይ የተለመደ ነው። ለእኛ አፍ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ የምትፈልገው ይሄንኑ ነው። «ኡናጊ» የሚባለው ረጅም ዓሣ የተጠበሰው ሲገባበት ደግሞ የድግስ ምግብ ይሆናል። እናቴ የኡናጊን ፎቶ አይታ «እባብ!» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። ናቶ የሚሉትን የሚዘለግለግ የፈላ አኩሪ አተርም የሚጠቀልሉ አሉ። እሱን ለባለቤቶቹ ትቼላቸዋለሁ።

የእኛው ቤት ፈጠራ ጎመን ነው። ኮማትሱና የሚሉት ቅጠል አለ፤ የጎመን ዘመድ ነው። ስሙን ያገኘው እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከኮማትሱጋዋ ነው። ቀቅዬ፣ ውኃው ጠብ እስከማይል ጨምቄ፣ በነጭ ሽንኩርት ትንሽ አመስ አድርጌ አስገባዋለሁ። ጨመቃው ነው ዋናው፤ ርጥብ ነገር ሁሉ ጥቅልሉን ያፈርሰዋል። ስልስም ይሆናል፣ ድልህ እስኪመስል ከደረቀ። ለልጅቷ ያለ በርበሬ፣ ለእኔና ለእናቷ ከነሙሉ ክብሩ። አንድ ወዳጄ ዘይቱን በንጥር ቅቤ ቀይሮት ነበር፤ ኮሰረቱ ሌላውን ሁሉ ዋጠና እንቁላሉ የክትፎ ዘመድ ሆነ። ለክትፎ ክትፎ አለን አይደል?

ችግሩ ጾም ሲገባ ነው። ልጅቷ ገና ሕፃን ናት፣ አትጾምም። እኔ እጾማለሁ። ስለዚህ ሑዳዴን ሙሉ፣ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ሳልቀምስ ነው የማበስለው። በማንኪያ እየለካሁ፣ በዓይኔ እየገመትኩ፣ በአፍንጫዬ እየተፈተንኩ! ቀማሿ እኒያው የኦሳካዋ አሮጊት ናቸው። የጠርዙን ቁራጭ በትንሽ ሳህን ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ። ለምን እንደማልቀምስ ስነግራቸው አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ የገዳም ምግባቸው ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትምና ገባቸው። ቀምሰው «ጨው ያንሳል» ወይም «ጥሩ ነው» ይላሉ። «ጣፍጧል» ብለው ግን አያውቁም፤ ስኳር አለበታ።

እንግዲህ አንድ የሚከነክነኝ ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ልጄን ሳደርስ በር ላይ የሚቆሙት እናቶች «አባትየው ናቸው አሉ የሚሠሩላት! እንዴት ደግ አባት!» ይላሉ። መምህሯም ታመሰግነኛለች። ባለቤቴ ፈረቃዋ ተቀይሮ በምታዘጋጅበት ሳምንት ግን፣ ያንኑ እንቁላል ከእኔ በተሻለ ጠቅልላ ብትልክ ማንም አንድ ቃል አይተነፍስም። እናት አይደለች? ግዴታዋ ነው! በሐምሌ 2020 አንዲት እናት ሕፃን ይዛ ከሱፐርማርኬት የተዘጋጀ የድንች ሰላጣ ስታነሣ አንድ ሽማግሌ «እናት ከሆንሽ የድንች ሰላጣ እንኳ አትሠሪም?» ማለቱን ያየ ሰው በኢንተርኔት ጽፎ አገሩ ሁሉ ሲነጋገርበት ነበር። የድንች ሰላጣን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው እንዲያ አይልም፤ መቀቀሉ፣ መላጡ፣ መፍጨቱ… ሽማግሌው በልቶ እንጂ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው።

እኛም ጋ ያው ነው። የሰፈሬ ሐበሾች «አንተ ሰውዬ፣ ማጀት ገባህ አሉ!» ብለው ሲስቁብኝ ከርመው፣ አሁን ሁለቱ መጥበሻውን የት እንደገዛሁት ጠይቀውኛል። በሹክሹክታ ነው እንጂ!

ሌላው የምሳ ዕቃው ሕግ ነው። በልጄ መዋዕለ ሕፃናት ከሌላ ልጅ ምሳ ዕቃ መቅመስም ማቅመስም ክልክል ነው። ምክንያቱ አለው፤ በዚህ አገር ልጆች ላይ የምግብ አለርጂ በማስነሣት የሚቀድመው እንቁላል ነው፣ አንዲት ጉርሻ ሆስፒታል ታስገባለች። ይገባኛል። ግን እኔ ያደግሁበት ምሳ ዕቃ ተከፍቶ መሐል የሚቀመጥ ነበር። የሽሮ ፍርፍሩም የፓስታውም ባለቤት አይታወቅም፤ የሌለውም ልጅ ሳይጠየቅ እጁን ይሰዳል። ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ጉርሻ እያየች፣ እየጎረሰች ነው ያደገችው። አንድ ቀን «ጓደኛዬን ለምንድነው የማላጎርሳት? አትወደኝም?» አለችኝ። ስለ አለርጂ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ሁለት ቁራጭ ጨምርልኝ» ትላለች። ሁለቱን ሳትበላ ትመልሳቸዋለች። የጓደኛዬ ናቸው ትላለች።

አምና መጋቢት ላይ፣ የቼሪው አበባ ሲፈነዳ፣ የክፍሏ ወላጆች ሚዙሞቶ መናፈሻ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ተቀመጥን። መምህር የለ፣ ሕግ የለ። ያቺ ጓደኛዋ ከእናቷ ጋር መጥታለች። እናትየዋ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፤ ያመጣችው እንቁላል የሱፐርማርኬት ነበርና ክዳኑን ከፈት አድርጋ መልሳ ከደነችው። «ዛሬ አልደረሰልኝም፣ ይቅርታ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እኔ በሑዳዴ እንቁላል ፊት የተቀመጥኩ ሰው ምን እላለሁ? የራሴን ከፍቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩት። ባለ ኮማትሱናው ነው። ልጅቷ አለርጂ እንደሌለባት ጠየቅኳት፣ የለባትም አለች።

ልጄ ቾፕስቲኩን ተወችው። አንዱን ቁራጭ በእጇ አንሥታ ወደ ጓደኛዋ አፍ ወሰደችው። ልጅቷ እናቷን አየች፤ እናቷ ሳቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አፏን ከፈተች። ሳታላምጥ ጨርሳ ልጄ ሁለተኛውን አነሣች።

«ሌላም አለ?» አለች እናትየዋ ገርሟት።

«አንድ ያጣላል» አለች ልጄ በአማርኛ፣ ከዚያ በጃፓንኛ ለማስረዳት እየሞከረች ሦስተኛውን ለእናትየዋ ይዛ ቆመች። ሴትየዋ የከደነችውን ዕቃ ከፈተችና ወደ መሐል ገፋ አደረገችው።